የስድስት ሳምንት «እኛ»

የእህቴ ልጅ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ቨርጂኒያ። የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቷን ልትጨርስ ስትል ደወለችልኝና «ጋሼ፣ ክረምቱን ፔሩ ልሄድ ነው» አለችኝ። «ምን ልትሠሪ?» ብላት «የነባር ሕዝቦችን ባህልና ታሪክ ላጠና» አለች። ለስንት ጊዜ? ለስድስት ሳምንት! የአንድን ሕዝብ ታሪክ ይቅርና የሰፈሬን ዕድር መተዳደሪያ ደንብ እንኳ በስድስት ሳምንት አጥንቼ የምጨርስ አይመስለኝም። ግን ልጅቷ በደስታ ልትበር ምንም ስላልቀራት ዋጥ አደረግኩት። (መዋጥ የምችል ሰው ብሆን ኖሮ ዛሬም አስተማሪ ነበርኩ፤ እሱን ተዉት።)

ከሳምንት በኋላ የፕሮግራሙን ብሮሸርና ኮርስ አውትላይን በኢሜይል ላከችልኝ። «እስቲ እይልኝ» ይላል መልእክቷ። («አንቱ» ማለት አልለመደችም፤ እኔም አልተቀየምኩም።) ዕድሜውን ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረን ሰው «እስቲ እይልኝ» ማለት ምን መዘዝ እንዳለው የውጭ አገር ልጅ ከየት ታውቃለች? ቀይ እስክሪብቶዬን አንስቼ ቁጭ አልኩ። እንግዲህ ሌላው ልብ ወለድ ይሄሳል፣ ፊልም ይሄሳል፤ እኔ ዛሬ ብሮሸር ልሄስ ነው። አንባቢ ይታገሰኝ። ብሮሸርም እኮ ድርሰት ነው፤ ተራኪ አለው፣ ገጸ ባህርያት አሉት፣ የሚደብቀው ነገርም አለው።

ሽፋኑ ላይ ቀይ መጎናጸፊያ ያደረገች ልጅ የአልፓካ ግልገል አቅፋ ትስቃለች። ስም የላትም። ከሥሯ «ጊዜ የቆመበት ምድር» ተብሎ ተጽፏል። ወደ ውስጥ ስገባ እንደ ድሮ የክፍል ሥራ ግሦቹን ማስመር ጀመርኩ። ኢንካዎቹ ገነቡ፣ አመለኩ፣ ገዙ፣ ጠፉ፤ ሁሉም ኃላፊ ጊዜ። ተማሪዎቹ ደግሞ ወደፊት ያያሉ፣ ይቀምሳሉ፣ «ሕይወታቸው ይለወጣል»፤ ሁሉም የትንቢት ጊዜ። ዛሬ ኩስኮ ከተማ ውስጥ ልጅ የሚያሳድገው፣ ታክሲ የሚነዳው፣ ባንክ ቤት ወረፋ የሚይዘው ኬችዋ ተናጋሪስ? ግሥ የለውም። በስድስቱ ገጽ ውስጥ የአሁን ጊዜ ግሥ ያገኘሁት ለአንድ ፍጡር ብቻ ነው፤ ላማው «ሣር ይግጣል»።

የፔሩ መንግሥት በ2017 ሕዝብ ሲቆጥር (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) አፋቸውን በኬችዋ የፈቱ ከ3 ሚሊዮን 500 ሺህ በላይ ሰዎች ተመዝግበዋል። በ1975 የጄኔራል ቬላስኮ መንግሥት ቋንቋቸውን ከስፓኒሽ ጎን ይፋዊ ቋንቋ ነው ብሎ አውጆላቸው ነበር። ይሄ ሁሉ ሰው ላማውን ያህል ግሥ እንዴት ያጣል?

ደግሞ «የክረምት ፕሮግራም» የሚለው ስም! ክረምቱ የማን ነው? ጁንና ጁላይ ለአሜሪካኖቹ ፀሐይና ዕረፍት ነው፤ ለእኛ ዝናብ ነው፤ 3,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ለተቀመጠችው ኩስኮ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሌሊቱ አጥንት የሚሰብርበት ወቅት ነው። ልጅቷ ቁምጣ ይዛ ሄዳ ሁለት ሹራብ ገዝታ ተመለሰች።

ወደ ኮርስ አውትላይኑ ልለፍ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ «ከጥንት ጀምሮ ሳይቋረጥ የመጣው የፀሐይ በዓል» ይላል። ኢንቲ ራይሚን ነው፤ በየዓመቱ ጁን 24 ቀን ኩስኮ ላይ የሚከበረውን። «ሳይቋረጥ» የምትለዋን ቃል ሁለቴ አሰመርኩባት። ተቋርጧል እንጂ! ስፓኞቹ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከልክለውታል። ዛሬ የሚታየው በዓል በ1944 እንደገና የተጀመረ ነው። ኡምቤርቶ ቪዳል ኡንዳ የሚባሉ የኩስኮ ምሁር አነሣሱት፣ ፋውስቲኖ እስፒኖሳ ናቫሮ የኬችዋውን ድርሰት አዘጋጁለት። ከየት አመጡት? ከመጽሐፍ! እናቱ ከኢንካ ነገሥታት ወገን፣ አባቱ የስፓኝ የጦር አለቃ የነበረው ጋርሲላሶ ዴ ላ ቬጋ በ1609 ሊዝበን ላይ ካሳተመው የኢንካዎች ታሪክ።

ይህን ስል «በዓሉ የውሸት ነው» ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። በ1780 ቱፓክ አማሩ ዳግማዊ በስፓኝ አገዛዝ ላይ ተነሣ። ሜይ 18 ቀን 1781 እሱም ባለቤቱ ሚካኤላ ባስቲዳስም በኩስኮ ዋና አደባባይ ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ሹማምንቱ የኢንካ ልብስ እንዳይለበስ ከለከሉ፣ ኬችዋ እንዲጠፋ ፈረዱ፣ የጋርሲላሶም መጽሐፍ ካለበት እንዲለቀም ታዘዘ። መንግሥት መጽሐፍ ፈርቶ ሲያስለቅም ለደራሲው ከዚያ የበለጠ ምን ሽልማት አለ? እና ያ የተለቀመው መጽሐፍ ከ160 ዓመት በኋላ ትንሣኤ አግኝቶ፣ ሰዎቹ በተገደሉባት በዚያችው ከተማ በራሳቸው ቋንቋ በዓል ሆኖ ቆመ። እንዲህ ያለ ታሪክ እጅህ ላይ እያለ «ሳይቋረጥ የመጣ» ብሎ ማለፍ ምን ይባላል? ያን ያስነሣውን ሰው ድካም መስረቅ ነው። ባህል እንደ ወንዝ ዝም ብሎ ይወርዳል ብሎ የሚያስብ ሰው፣ ስንቱ በባልዲ እየቀዳ ሽቅብ እንደተሸከመው አይታየውም።

የንባብ ዝርዝሩን አየሁት። አሥራ አንድ ጽሑፍ። አሥሩ ውጭ ያሉ ምሁራን የጻፉት ነው፤ አንዱ ከጋርሲላሶ የተቀነጨበ አራት ገጽ። ዋማን ፖማ የለም! ዋማን ፖማ ማለት የአንዲስ ተወላጅ ሆኖ በ1615 ግድም ለስፓኙ ንጉሥ ወደ 1,200 ገጽ የሚጠጋ አቤቱታ የጻፈ ሰው ነው። 398 ሥዕል ስሎበታል፤ ስፓኒሹን ከኬችዋ እየቀላቀለ፣ ቄሱም ሹሙም ሕዝቡን እንዴት እንደሚበድል በዝርዝር ያስረዳል። ጽሑፉ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ማንም ሳያስታውሰው ተቀምጦ በ1908 ኮፐንሃገን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተገኘ። ዛሬ ማንም ሰው በኢንተርኔት በነፃ ሊያገላብጠው ይችላል። ሆዜ ማሪያ አርጌዳስም የለም። በ1958 የወጣው «ጥልቅ ወንዞች» የተባለው ልብ ወለዱ የሚጀምረው እኮ ኩስኮ ላይ ነው፤ አንድ ልጅ ከአባቱ ጋር ከተማዋ ገብቶ የኢንካዎቹን የድንጋይ ግንብ በእጁ ሲዳስስ። ተማሪዎቹ ያው ግንብ ሥር ፎቶ ይነሣሉ፤ ግንቡን በልጅነት ጣት የዳሰሰውን መጽሐፍ ግን አላነበቡም። አርጌዳስ ኬችዋን የተማረው ከቤት ሠራተኞች ጋር ማድቤት ውስጥ እያደገ ነው። በኋላ ስፓኒሽ ሲጽፍ ስፓኒሹን አጎንብሶ በኬችዋ በር እንዲገባ አደረገው። ሰው ባህልን የሚያጠናው በዚህ በር ነው ባይ ነኝ።

ሦስተኛው ሳምንት ማቹ ፒቹ። «በ1911 ሃይረም ቢንግሃም ያገኘው» ይላል። ቢንግሃም ሲደርስ እርከኑ ላይ ሰዎች በቆሎና ድንች ያርሱ ነበር፤ መንገዱን የመራው ሜልቾር አርቴያጋ የሚባል የዚያው አገር ገበሬ ነው። የቆፈረውንም ቢንግሃም ይዞት ሄደ፤ ዬል ዩኒቨርሲቲ ለፔሩ የመለሰው መቶ ዓመት ቆይቶ ከ2011 ጀምሮ ነው። እኛም ሐውልታችን ከሮም እስኪመለስ 68 ዓመት የጠበቅን ሰዎች ነንና ስለዚህ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

አራተኛው ሳምንት ላይ ግን ሳቄ መጣ። ርዕሱ «አይኒ፦ የአንዲስ ሕዝቦች ቅዱስ የመደጋገፍ ፍልስፍና» ነው። ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ጽንፈ ዓለም ሚዛን ተጽፏል። እኔ በተለያዩ መጻሕፍት እንዳነበብኩት አይኒ ማለት ወንፈል ነው! ዛሬ እኔ ማሳህ ላይ አንድ ቀን ውዬልህ፣ ነገ አንተ የእኔ ማሳ ላይ አንድ ቀን ትውላለህ። ደቦን የመሰለ ሌላም አላቸው፤ ሚንካ ይሉታል። በእርግጥ ከምድርና ከተራራ መንፈስ ጋር ያለውንም ግንኙነት በዚሁ ቃል ይጠሩታል፤ ቅድስና የለውም አልልም። ግን ወንፈል የሚቆጠር ነገር ነው። ማን ስንት ቀን እንደዋለ፣ ማን እንደቀረበት የሚያውቁት ሁለቱም ናቸው። ብሮሸሩ ቅዱሱን ወስዶ ቆጠራውን ተወው። ቆጠራው ከገባ እኮ ጥያቄ ይመጣል፦ ልጆቹ ስድስት ሳምንት የሰውን ቤት፣ የሰውን ወሬ፣ የሰውን ሐዘን ሲወስዱ ከርመው የሚመልሱት ቀን መቼ ነው?

(የማኦሪዋ ምሁር ሊንዳ ቱሂዋይ ስሚዝ በ1999 ባሳተሙት መጽሐፍ «ምርምር» የሚለው ቃል ለነባር ሕዝቦች ምን ያህል እንደሚጎመዝዝ ጽፈዋል። ሳነበው የሌላ ሰው ጉዳይ መስሎኝ ነበር። እመለስበታለሁ።)

አምስተኛው ሳምንት «የዛሬው ማኅበረሰብ» ነው። ሽመና፣ ገበያ፣ ቱሪዝም። ገልብጬ አየሁ፤ መልሼ ገለበጥኩ። ከ1980 እስከ 2000 የለም። ሃያ ዓመት ከገጹ ወድቋል! «አንጸባራቂው ጎዳና» የተባለው አማፂ ቡድንና የመንግሥቱ ጦር ያንን የተራራ አገር ሲያምሱት የኖሩበት ዘመን። የፔሩ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን በ2003 ባወጣው ሪፖርት የሞተውና የጠፋው ሰው 69,280 እንደሚደርስ ገምቷል፤ ከአራቱ ሦስቱ ኬችዋ ወይም ሌላ ነባር ቋንቋ አፍ መፍቻቸው የነበረ ነው። እንግዲህ የነባር ሕዝቦችን ታሪክ ለማጥናት አገር አቋርጠህ ሄደህ ይሄ ካልተነገረህ ምን ተነገረህ? ስለ ቀይ ሽብር ያልሰማ ሰው «የአዲስ አበባን ሕዝብ አውቃለሁ» ቢለን ምን እንለዋለን? ቡናችንን አጠጥተን እንሸኘዋለን።

ይህን ሁሉ በቀይ ጽፌ ላክሁላት። አራት ገጽ። እሷም «ጋሼ፣ አመሰግናለሁ፤ ግን ትኬት ተቆርጧል» ብላ ሄደች።

አሁን የምነግራችሁ ከተመለሰች በኋላ ያወራችኝን ነው። ሂሴን ግማሹን አፈረሰብኝ፤ ግማሹን ደግሞ አጠናከረልኝ።

ጠዋት ጠዋት የኬችዋ ትምህርት ነበራቸው። የኩስኮ ኬችዋ እንደ እኛው ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጰ የሚባሉ ፈንጂ ድምፆች አሉት። ዳቦ «ጣንታ» ነው፤ ዝንብ «ጩስፒ»። አሜሪካኖቹ ጓደኞቿ «ታንታ»፣ «ቹስፒ» እያሉ ሲታገሉ እሷ ከእናቷ ማድቤት በተማረችው ጠ ፍንድት አድርጋ «ጣንታ!» አለች። አስተማሪዋ ደንግጣ «አንቺ ከየት ነሽ?» አለቻት። ልጅቷ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አማርኛዋ ያኮራት ያን ቀን ነው፤ ኩስኮ ላይ። እናቷ ሃያ ዓመት ያላደረገችውን አንዲት ጠ አደረገች።

ሌላም ተማረች። ኬችዋ ሲናገሩ የምትናገረውን ነገር ዓይንህ አይቶት እንደሆነ፣ ሰምተኸው እንደሆነ ቃሉ መጨረሻ ላይ ታመለክታለህ። አይቼዋለሁ ያለ «ሚ» ይጨምራል፤ ሲባል ሰምቻለሁ ያለ «ሲ»፤ እየገመትኩ ነው ያለ «ቻ»። እኛ «ነው አሉ»፣ «መሰለኝ» እንደምንለው ነው፤ ልዩነቱ ግን እነሱ ቢረሱት ነገሩ ጎዶሎ ሆኖ ይሰማል። ጋዜጠኞቻችን ቢማሩት እንዴት ጥሩ ነበር! ብሮሸሩን በዚህ ሚዛን መልሼ አነበብኩት። ከዳር እስከ ዳር «ሚ» ነው። ጸሐፊው ኢንካዎቹን ያያቸው ይመስላል።

ያሳደሯት ሴት ሃምሳዎቹ ውስጥ ናቸው። ከአያኩቾ በኩል ናቸው፤ ልጅ ሆነው ከአክስታቸው ጋር ሸሽተው ኩስኮ የገቡ። አንድ ማታ ከእህታቸው ጋር ሲጫወቱ ልጅቷ አስፈቅዳ በስልኳ ቀዳቻቸው። በማግስቱ ከቋንቋ አስተማሪዋ ጋር ቁጭ ብላ ሰማችው። ሴትየዋ ስለ ኢንካዎቹ ሲያወሩ ሁሉ ነገር «ሲ» ነው፤ እንዲህ ነበሩ አሉ፣ እንዲህ አደረጉ አሉ። ከዚያ ወሬው ዞሮ ወታደሮች አባታቸውን ከቤት ወዳወጡበት ሌሊት መጣ። እዚያ ላይ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ አላለቀሱም። የተለወጠችው አንዲት ቅጥያ ናት። «ሚ» ሆነች።

አስተማሪዋ ስልኩን አጥፍታ ወጣች አለችኝ።

እንግዲህ ይሄ ኮርስ አውትላይኑ ላይ አልነበረም። ግን ፕሮግራሙ ባይኖር ልጅቷ እዚያ ማድቤት አትገባም ነበር። ቀይ እስክሪብቶዬ ይህን አላየም፤ ልመን።

ሌላው ነገር «እኛ» ነው። ኬችዋ ሁለት «እኛ» አለው። አንተም ያለህበት «እኛ» ኞቃንቺስ ይባላል፤ አንተ የሌለህበት «እኛ» ኞቃይኩ። ብሮሸሩ «ከማኅበረሰቡ ጋር አንድ ቤተሰብ ይሆናሉ» ብሎ ነበር። ልጅቷ በጥሞና ስትሰማ ከረመች። ሴትየዋ ስለ መንደራቸው፣ ስለ ሐዘናቸው፣ ስለ መሬታቸው ሲናገሩ ኞቃይኩ ነው። ኞቃንቺስ የሚሏት ምግብ ሲቀርብ ብቻ! «ጋሼ፣ ትንሽ ከፋኝ» አለችኝ። «ለምን ይከፋሻል? ሴትየዋ ሰዋስው ነው ያልሳቱት» አልኳት። ስድስት ሳምንት የሚያስገኘው «እኛ» የማዕድ «እኛ» ነው፤ ትንሽም አይደለም።

ከዚያ በመጨረሻ የጻፈችውን የጥናት ወረቀት ላከችልኝ። ኤ አግኝታበታለች። ጥሩ እንግሊዝኛ ነው። ሴትየዋ «አንዲት የአካባቢው ነዋሪ» ተብለዋል፤ የአባታቸው ሌሊትና የኢንካዎቹ ወሬ በአንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። «ሚ»ዋ የለችም። ይህን ልጽፍላት ቀይ እስክሪብቶ አንስቼ… አስቀመጥኩት።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። በ1988 ዓ.ም. (ይሄኛው በእኛው አቆጣጠር ነው) የድህረ ምረቃ ተማሪ ሆኜ ቴፕ ሪከርደር አንግቼ ወሎ ሄጄ ነበር። ሙሾ ልሰበስብ። ክረምት ነው፤ የቆየሁት ስድስት ሳምንት እንኳ አይሞላም። አንዲት አልቃሽ ነበሩ፤ በአገሩ ሁሉ የሚጠሩ። ለቅሶ ቤት ሳይሆን ቤታቸው ቁጭ ብለው፣ በጦርነቱ ለቀረ ልጃቸው ያወረዱትን ሙሾ አወረዱልኝ። ሲጨርሱ ቴፑን እያዩ «ልጄ፣ ድምፄን መልሰህ ታሰማኛለህ?» አሉኝ። «እንዴታ እማማ! ለመስቀል እመጣለሁ» አልኩ። ሄድኩ። ጽሑፌ ተመሰገነ፤ በእሱ ተቀጠርኩ። ጽሑፉ ውስጥ ስማቸው የለም። «መረጃ አቀባይ ቁጥር 7» ይላል። ያኔ ደንቡ ነበር፤ ደግሞም «ሳይንሳዊ» ይመስል ነበር። ለስንት ዓመት ተማሪዎቼንም እንደዚያ እንዲጽፉ አስተምሬያለሁ።

ጣሊያናዊው ኮንቲ ሮሲኒ ኢትዮጵያን «የሕዝቦች ሙዚየም» ብሎ ሲጠራት እኛ እንደ ምርቃት ተቀብለን በየፖስተሩ ያተምነው ወደን አይደለም። ሙዚየም ውስጥ ያለ ዕቃ «መልሰህ ታሰማኛለህ» አይልማ።

ይሄን ሁሉ በስልክ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። የእሷስ? ከኩስኮ ሳትወጣ የቀዳችውን ለሴትየዋ ልጅ በዋትስአፕ ልካለታለች። ወረቀቷንም ልታሻሽለው ነው፤ ቅጥያዎቹን እንዴት በእንግሊዝኛ እንደምታሳይ ከአስተማሪዋ ጋር እየተጻጻፉ ነው፤ ስማቸው ይግባ ወይ ብላም ሴትየዋን አስጠይቃለች። «ይግባ፤ የአባቴም ጭምር» ብለዋታል። ከዚያ «ያንተ ካሴትስ ጋሼ?» አለችኝ።

ካሴቱ አለ። የጫማ ካርቶን ውስጥ፣ ቁም ሣጥን አናት ላይ። የማጫወቻው ቴፕ ግን ድሮ ተሰብሯል። ባለፈው ማክሰኞ መርካቶ፣ የድሮ ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ልጅ ጋ ይዤው ሄድኩ። አገላብጦ አየው፤ ወደ ብርሃን ከፍ አደረገው፤ ሪባኑን በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገ። «ፋዘር፣ ሻግቷል እኮ። ዘፈን ነው?» አለኝ።

«ሙሾ ነው» አልኩት።

«የማን?»

ስማቸውን ነገርኩት። ካሴቱ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈው። ሐሙስ ና ብሎኛል።